ያልታየ ስሕተት የማን ነው?

ሰው በገዛ ዐይኑ አይቶ፥ በገዛ እጁ ለሠራው ጥፋት መጠየቅ እንዳለበት የሚከራከር የለም። ሕግም፥ ሽማግሌም፥ ኅሊናም በዚህ ይስማማሉ። ክርክሩ የሚነሣው በሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ሥራውን ሠርቶ፥ ተመልክቶ፥ «መልካም ነው» ብሎ ለሌላ ካስረከበ በኋላ፥ እርሱ ባልነበረበት ስፍራና ሰዓት ያ ሥራ ተበላሽቶ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው? ያላየ ሰው ይጠየቃልን? ወይስ አለማየት ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ?

ይህ ጥያቄ በፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚኖር እንዳይመስለን፥ ትንሽ ከሚመስል አንድ ሥራ ጋራ አያይዤ ልመረምረው አስቤአለሁ። ሥራውም በኮምፒዩተር የተሰናዳ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ቀለሙንና ብርሃን አሳላፊነቱን መመርመር ነው። እኔ በደብረ ብርሃን ከተማ ለኅትመት የሚሄዱ ጽሑፎችን በማሰናዳትና በማረም ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ የምናገረው የማውቀውን ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ይህን ሙያ አትይዘው ይሆናል፤ ነገር ግን ሥራህን ለሌላ ሰው የምታስረክብ እስከ ሆንህ ድረስ ነገሩ አንተንም ይነካል።

በቀድሞ ዘመን መጽሐፍ በብራና ሲጻፍ ጥያቄው እንደ ዛሬ የረቀቀ አልነበረም። ጸሐፊው የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ወጥሮ ይፍቀዋል፤ ሲደርቅ ያለሰልሰዋል፤ በወስፌ እየወጋ መሥመሩን ያሰምራል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ጋራ ሌላ ሌላውን ደባልቆ ይበጠብጣል፤ ቀዩንም ለብቻው ያሰናዳል፤ ከዚያም በመቃ ብዕር ይጽፋል። ብራናው ከልክ በላይ ሳስቶ እንደ ሆነ በአንዱ ገጽ የተጻፈው በሌላው ገጽ ስለሚታይ፥ ቆዳውን ወደ ብርሃን ቢያነሣው ወዲያው ያውቀዋል። የቅዱሳን ስም በቀይ የሚጻፍ በመሆኑ፥ አንዳንዱ ጸሐፊ ጥቁሩን እስኪጨርስ ድረስ ለቀዩ ባዶ ስፍራ ይተው ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የብራና መጽሐፍ ውስጥ ሳይሞላ የቀረ ባዶ ስፍራ ይገኛል። ነገር ግን ያ ባዶ ስፍራ አይዋሽም፤ «እዚህ ላይ ስም ጐድሎአል» ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል። የብራናው ጸሐፊ የሚያየውና አንባቢው የሚያየው አንድ ገጽ፥ አንድ ቀለም፥ አንድ ቆዳ ነው። ስለዚህ «እኔ ሳየው ደኅና ነበር» የሚል ምክንያት ለማቅረብ አይችልም ነበር።

ኅትመት ሲመጣ ግን የሚያይ ዐይንና የሚሠራ እጅ ተለያዩ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የራሳችን አገር ሰው ነው። በሸዋ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ወደ ሮም ተሻግረው፥ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያ ከተማ አሳተሙ። ፊደሉን የሚለቅሙት አታሚዎች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ ግእዙን የሚያነቡት መነኮሳት ደግሞ የኅትመትን ጥበብ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን አልሸሸጉም። ማተም የሚያውቀው ማንበብ እንደማይችል፥ ማንበብ የሚያውቀውም ማተም እንደማይችል፥ ሁለቱም ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነው እንደ ተረዳዱ በመጽሐፉ ውስጥ ገልጸው፥ አንባቢው ለእነርሱም ለአታሚዎቹም ይቅርታ እንዲያደርግ ለመኑ። ከሐዋርያት ሥራም የሚበዛውን ክፍል በእጃቸው የግእዝ ቅጂ ስላልነበረ ከላቲንና ከግሪክ እንደ ተረጐሙት አልደበቁም።

እንግዲህ ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በፊት አንድ የሸዋ መነኵሴ የዛሬውን የሥራ ዓለም ችግር በሚገባ አይቶት ነበር ማለት ነው። ሥራ በተከፋፈለ ቍጥር ዕውቀትም ይከፋፈላል፤ ዕውቀት በተከፋፈለ ቍጥር ማንም ሙሉውን የማያይበት ክፍተት በመካከል ይፈጠራል። ስሕተት የሚያድረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። የምኖርበት ከተማ ስም ለነገሩ ይስማማል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ሲነግሡ፥ በሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት በዚህ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፥ ከተማቸውንም በዚሁ አድርገው ደብረ ብርሃን አሉት። ያ ብርሃን በ1456 የታየው ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ብርሃኑን ያየው ሁሉ አንድ ነገር አየ፤ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ማየት ብቻውን አልበቃም።

የኮምፒዩተር ስክሪንም እንዲሁ ነው። ስክሪን ቀለምን የሚሠራው በብርሃን ነው። ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በጨለማ ላይ ያበራል፤ ሦስቱ በሙሉ ኃይላቸው ሲገናኙ ነጭ ይሆናሉ። ወረቀት ግን ቀለምን የሚሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው። ሲያን የሚባለው ሰማያዊ፥ ማጄንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር፥ እነዚህ አራቱ በነጭ ወረቀት ላይ ይደረባሉ፤ በተደረቡ ቍጥርም ይጨልማሉ። ስለዚህ ስክሪንና ወረቀት ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የሰንደቅ ዓላማችን አረንጓዴ በስክሪን ላይ እንደ ክረምት ሣር ሲያበራ ታየዋለህ፤ ያን ያህል የሚያበራ አረንጓዴ ግን ከአራቱ ቀለማት አይገኝም። አሰናጁ አስቦበት ካልተረጐመው መሣሪያው በራሱ ግምት ይተረጕመዋል፤ ወረቀቱ ሲወጣም አረንጓዴው የደበዘዘ ይሆናል።

ብርሃን አሳላፊነትም ሌላ ምሥጢር አለው። በኮምፒዩተር ላይ ሥዕል፥ ጥላና ጽሑፍ እንደ ስስ ነጠላ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ፤ የታችኛው በላይኛው ውስጥ ያስተላልፋል። ማተሚያው ግን በማስተላለፍ የሚሠራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚያውቀው ነገር ቢኖር «ቀለም ይረፍ» ወይም «አይረፍ» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የተደራረበው ሁሉ ከመታተሙ በፊት ወደዚህ ቍርጥ ነገር መመለስ አለበት። በዚያ ጊዜ በስክሪን ላይ ያልነበረ ነገር ሊወለድ፥ የነበረውም ሊጠፋ ይችላል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በአንድ በማውቀው ነገር ላስረዳ። አባታቸው ያረፉባቸው የአንኮበር ልጆች፥ ለሙት ዓመታቸው የሕይወት ታሪካቸውን የያዘች ትንሽ መጽሔት ለማሳተም ተስማሙ። ከአዲስ አበባም፥ ከውጭ አገርም፥ ከዚሁም ገንዘብ አዋጡ። በሽፋኑ ላይ የአንኮበር ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይታያል፤ ከታች ሲመሽ የጨለመው ገደል አለ፤ በዚያ ጨለማ ላይ የአባታቸው ስም በነጭ ተጽፎአል። ያሰናዳው ወጣት ትጉህ ነበር። በስክሪኑ ላይ ስሙ እንደ ኮከብ ያበራ ነበር። ሁለት መቶው ቅጂ ታትሞ የደረሰው በመታሰቢያው ዋዜማ ነው። ተራራው አለ፤ ጉሙ አለ፤ ጨለማው አለ፤ ስሙ ግን የለም። የልጆቹ እናት መጽሔቱን አገላብጠው አዩና፥ «ስማቸውስ?» ብቻ አሉ።

ምን ሆኖ ነው? ነጭ የሚባል ቀለም በማተሚያው ውስጥ የለም፤ ነጭ ማለት ሳይነካ የቀረ ወረቀት ነው። ነጭ ፊደል በጨለማ ላይ እንዲታይ ጨለማው በፊደሉ ቅርጽ ልክ ተቈርጦ መውጣት አለበት። «የታችኛውን ሳትቈርጥ በላዩ ደርብ» የሚል ትእዛዝ ካለበት ግን፥ ይኸውም አታሚዎች ኦቨርፕሪንት የሚሉት ነው፥ የሚደረበው ባዶ ነገር ስለ ሆነ ከጨለማው በቀር ምንም አይወጣም። ይህስ ትእዛዝ ከየት መጣ? ስሙ መጀመሪያ በጥቁር የተጻፈ ነበር። ጥቁር ጽሑፍ በሌላ ቀለም ላይ እንዲደረብ ማዘዝ የተለመደና ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ፊደሉ ዙሪያ ነጭ ክፍተት እንዳይታይ ይጠብቀዋል። ኋላ ከቤተ ሰቡ አንዱ «በነጭ ቢሆን ይሻላል» አለ። ቀለሙ ተለወጠ፤ ትእዛዙ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ወጣት ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ትናንት ትክክል የነበረ ትእዛዝ ምንም ሳይነካ ዛሬ ስሕተት ሆነ፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነበርና።

በውስጡ ገጽም ሌላ ጉድለት ተገኘ። በአራቱ ቀለማት በተሠራ ጥቁር ላይ ደቃቅ ነጭ ፊደል ተቀምጦ ነበር። አራቱ ቀለማት በትክክል ሳይገጣጠሙ ጥቂት ሲንሸራተቱ የፊደሉ ቀጫጭን ጎን በቀለም ይሞላል። የእኛ ፊደል ደግሞ ብዙ ነገር የሚሸከመው በትንሽ ቅጥያ ነው። «አረፉ» የሚለው ቃል የ«ፉ»ን ትንሽ ጎን ቢያጣ «አረፈ» ይሆናል። አንዲት የጥፍር ጫፍ የማታህል ቅጥያ ስትጠፋ ለአባት የሚገባው አክብሮት ዐብሮ ይጠፋል።

ክርክሩ ተነሣ። አሰናጁ፥ «በእኔ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ይኸው ተመልከቱ» አለ። እውነቱን ነው። አታሚው፥ «እኔ የተሰጠኝን ፋይል አተምሁ፤ የሰው ሥራ የመለወጥ ሥልጣን የለኝም» አለ። እውነቱን ነው። በቤተ ሰቡ ስም የፈቀደው ልጅም፥ «በስልኬ የተላከልኝን ሥዕል አይቼ ነው የፈቀድሁት» አለ። እርሱም እውነቱን ነው። ሦስቱም እውነት ተናገሩ፤ ስሙ ግን የለም። ሦስት እውነት ተደምሮ እንዴት አንድ ጥፋት ይሆናል?

መልሱን ለማግኘት እያንዳንዱን ምክንያት ለየብቻው እንመዝን።

የአሰናጁ ምክንያት ዐይን ነው። ዐይን እውነተኛ ምስክር ነው፤ የሚመሰክረው ግን በፊቱ ስላለው ነገር ብቻ ነው። ወጣቱ ያየው ስክሪን ነው፤ ቤተ ሰቡ የሚያየው ወረቀት ነው። በገበያ ጋቢ ወይም በርኖስ የሚገዛ ሰው ከሱቁ ጨለማ ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ የሚመለከተው ለምንድር ነው? የሚለብሰው በደጅ እንጂ በሱቁ ውስጥ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው። ለኅትመትም እንዲሁ ያለ ደጅ አለ። በፋይል መመርመሪያው ውስጥ የተደረበው ቀለም በወረቀት ላይ እንደሚወጣው ሆኖ የሚታይበት፥ አራቱም ቀለማት አንድ በአንድ ተለይተው የሚታዩበት መስኮት አለ። ያን መስኮት መክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እንግዲህ «አየሁት» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «አንባቢው በሚያይበት ቦታ ቆሜ አየሁትን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የአታሚው ምክንያት መታዘዝ ነው። በሰው ሥራ ውስጥ ሳይፈቀድ እጅ ማስገባት ነውር መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን በመለወጥና ዝም በማለት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም መጠየቅ ነው። ስም የሌለው የመታሰቢያ ሽፋን ሲወጣ አይቶ፥ «ይህ እንዲህ ነውን?» ብሎ ስልክ መደወል የማንንም ሥልጣን አይነካም። የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ እጅ ከመሣሪያው በምን ይለያል? መሣሪያው አይጠይቅም፤ ሰው ግን ይጠይቃል።

የልጁ ምክንያት እምነት ነው። ከሦስቱ ጥፋቱ የቀለለ የእርሱ ነው፤ ስለ ኅትመት የሚያውቀው ነገር አልነበረምና። ይሁን እንጂ «አንድ ቅጂ በወረቀት አሳዩኝ» ለማለት የኅትመት ዕውቀት አያስፈልግም።

አንድ አስተዋይ ሰው ይህን ነገር ስነግራቸው፥ «ጥፋቱ ለሦስት ከተከፈለ ለእያንዳንዱ ጥቂት ይደርሰዋል፤ እንዲሁ ይለቅ» አሉኝ። አሳባቸው የዋህና ሰላማዊ ነው፤ ነገር ግን አልተቀበልሁትም። ጥፋት ድፎ ዳቦ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲካፈለው አያንስም። ከሦስቱ ማንኛውም ብቻውን ሊያስቀረው ይችል ነበር። አንዱ ብቻ ቢጠይቅ ስሙ ይገኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሊያስቀረው የሚችለውን ጥፋት ሦስት ሰዎች ሲተዉት፥ እያንዳንዱ የተወው ሲሶውን ሳይሆን ሙሉውን ነው። የጥፋቱ ክብደት በዕውቀት መጠን ይለያያል እንጂ በሰው ብዛት አይቀንስም።

በዚህ ላይ ሊቀርቡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ፍትሕ እንዳይጓደል እነርሱንም እንስማ።

አንደኛው፥ «ሰው ሁሉን ነገር ሊመረምር አይችልም፤ እንዲህ ከተባለ ሥራ አይሠራም» የሚል ነው። እውነት አለው። ሊያውቀው ለማይችለው ነገር ሰውን መጠየቅ ግፍ ነው። ስለዚህ መለኪያው «አየህን?» የሚለው አይደለም፤ «ሁሉን አወቅህን?» የሚለውም አይደለም፤ «ብትጠይቅ ልታየው ትችል ነበርን?» የሚለው ነው። ደግሞም ሁሉም እርምጃ እኩል አይደለም። ወደ ኋላ የሚመለስ እርምጃ አለ፤ የማይመለስም አለ። በስክሪን ላይ ያለ ስሕተት በአንድ ጣት ይታረማል፤ የታተመ ሁለት መቶ ቅጂ ግን አይታረምም። ስለዚህ ጥንቃቄአችንን በየቦታው እኩል መበተን ሳይሆን፥ ከማይመለሰው እርምጃ በፊት መሰብሰብ አለብን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚሁ ነው። የሚቸኵለውንም «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ይሉታል፤ ቀለም ግን ከፈሰሰ በኋላ የማይለቀም መሆኑ ነው የባሰው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «ለዚህ ደንብ ወጥቶለታል፤ ደንቡን ያሟላ ሰው ነጻ ነው» የሚል ነው። ደንብስ እውነት ወጥቷል። ፒዲኤፍ የሚባለው የሰነድ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ፤ በ2001 ብርሃን አሳላፊነትን መሸከም ቻለ። በዚያው በ2001 ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ ኤክስ አንድ ኤ የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ ወጣ፤ ይኸው ደንብ ብርሃን አሳላፊነትን ከነጭራሹ ከለከለ። በ2008 የወጣው ፒዲኤፍ ኤክስ አራት ግን ፈቀደው። ሁለቱ ደንቦች ሰውን ከስሕተት የመጠበቂያ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ አንዱ በመከልከል፥ ሁለተኛው በማመን። ነገር ግን በጨለማ ላይ የተደረበን ነጭ ስም አንደኛውም አይከለክልም፥ ሁለተኛውም አይከለክልም። እንግዲህ ደንቡን በሙሉ ያሟላ ፋይል የአባትን ስም ያጠፋ ፋይል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህም በሌላውም የኑሮ ሥራ እንዲሁ ነው። ሕግ የሚጠብቀን ሕግ አውጪው አስቀድሞ ካሰበው ጥፋት ነው፤ ካላሰበው ጥፋት የሚጠብቀን ግን ኅሊና ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ፥ «መመርመር አለማመን ነው፤ ሁሉም ሁሉን ከመረመረ መተማመን ይጠፋል» የሚል ነው። እኔ ግን መመርመር የመተማመን ጠላት ሳይሆን ጠባቂው ይመስለኛል። በማርያ ቴሬዛ ብር በሚገበያዩበት ዘመን ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉት የጌጧ ፈርጦች ሙሉና ጥርት ያሉ መሆናቸውን ይመለከት ነበር። ከአንኮበር ቍልቍል በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ከደጋው ሰው ጋራ ይገናኝ ነበር፤ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይመሳሰሉ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊገበያዩ የቻሉት ብሩ ስለሚመረመር እንጂ ስለማይመረመር አይደለም። ብሩ ሲታይ የሚቈጣ ሰው ቢኖር እርሱ የሚጠረጠር ነው።

ከዚህ ጋራ የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። አንዳንድ ሰው በሰነድ ውስጥ የማይፈልገውን ስም ወይም ቍጥር ለመደበቅ ጥቁር ሣጥን ይደርብበታል። በስክሪን ላይ ተደብቆአል፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ጽሑፉ ከሣጥኑ ሥር ሳይነካ ተኝቶአል፤ የሚያውቅ ሰው ሣጥኑን አንሥቶ ያነበዋል። በመታሰቢያው መጽሔት ሊታይ የሚገባው ጠፋ፤ እዚህ ደግሞ ሊደበቅ የተፈለገው ይታያል። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ላይ ላዩን አይቶ ሥሩን ሳይመረምሩ መርካት። ግልጽነት ማለት የላይኛው ገጽ ማማር ሳይሆን፥ የላዩና የሥሩ መስማማት ነው። ይህ ለሰነድም፥ ለሰውም እውነት ነው።

ያ ቤተ ሰብ ያን ሌሊት ምን እንዳደረገ ደግሞ ልናገር። እንደ ገና ለማሳተም ጊዜ አልነበረም። ልጆቹ ነጭ ቀለም ያለው ብዕር ፈልገው አመጡና፥ በሁለት መቶው ሽፋን ላይ የአባታቸውን ስም አንድ በአንድ በእጃቸው ጻፉ። አሰናጁም ሳይጠሩት መጥቶ ከእነርሱ ጋራ እስኪነጋ ጻፈ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አላለም፤ «የእኔ አይደለም» ማለቱንም ተወ። እኔ ይህን ሳይ ያደነቅሁት ትጋቱን ብቻ አይደለም። ማታ «በስክሪኔ ላይ ይታያል» ሲል የነበረው ሰው ሌሊት ወረቀቱን እየተመለከተ ነበር። ኃላፊነት ማለት ምናልባት ይኸው ነው፤ የራስን ስክሪን ትቶ ወደ ሌላው ሰው ወረቀት መዞር።

አባ ተስፋ ጽዮን ይቅርታ የለመኑበት ምክንያት ለእኛ የማይበቃን ስለዚህ ነው። እርሳቸው በባዕድ አገር፥ ቋንቋቸውን ከማያውቁ ሠራተኞች ጋራ ሠርተው፥ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው፥ የማይችሉትን በግልጽ ተናገሩ። እኛ ግን አሰናጁና አታሚው አንድ ቋንቋ እየተናገርን፥ ስልክ በኪሳችን እያለ፥ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ከሰነፍን ዕውርነታችን የተፈጥሮ ሳይሆን የፈቃድ ይሆናል።

ለሙያው ለሚዘጋጁ ወጣቶች ጥቂት ምክር ልጨምር። አስቀድመህ በምን ዓይነት ወረቀትና በምን ማተሚያ እንደሚታተም ጠይቅ። ቀለሙን ራስህ አውቀህ ወደ አራቱ ቀለማት ተርጕመው፤ ለመሣሪያው ግምት አትተወው። ደቃቅ ጽሑፍ በአንዱ በጥቁሩ ቀለም ብቻ ይሁን፤ ከአራቱም አትደባልቀው። የተደረበው እንደሚታተመው ሆኖ የሚታይበትን መስኮት ከፍተህ ገጹን ሁሉ ተመልከት፤ ቀለማቱንም አንድ በአንድ እያነሣህ እያንዳንዱ ምን እንደያዘ እይ። በአንድ ስፍራ የሚደራረበው የቀለም ብዛት በለስላሳ ወረቀት ከ300 በመቶ አካባቢ፥ በጋዜጣ ወረቀት ከ240 በመቶ አካባቢ እንዳያልፍ ጠብቅ፤ ካለፈ ሳይደርቅ ወደሚቀጥለው ወረቀት ያልፋል። ቀለም በተለወጠ ቍጥር የቀድሞው ትእዛዝ ዐብሮ መለወጡን መርምር። በመጨረሻም ከብዙው በፊት አንድ ቅጂ በወረቀት አሳትመህ በቀን ብርሃን አንብብ፤ ብትችል ሥራውን ለማያውቅ ሰው አስነብብ፤ እርሱ አንተ እንዳለ የምታስበውን ሳይሆን ያለውን ብቻ ያነባልና።

ሙያህ ይህ ባይሆንም ምክሩ ይሠራልሃል። መድኃኒት የምታዝዝ ብትሆን፥ የምታየው ወረቀቱን ነው፤ በሽተኛው የሚያየው ክኒኑን ነው። መምህር ብትሆን፥ የምትሰማው የተናገርኸውን ነው፤ ተማሪው የሚይዘው የገባውን ነው። ዳኛ ብትሆን፥ የምትፈርመው ፍርዱን ነው፤ ባለ ጉዳዩ የሚኖረው አፈጻጸሙን ነው። በሁሉም ዘንድ በአንተ ስክሪንና በሌላው ሰው ወረቀት መካከል ክፍተት አለ፤ ያን ክፍተት የሚሻገር ድልድይም ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ያልታየ ስሕተት የማን ነው? የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ሊያየው ይችል የነበረ፥ ነገር ግን ለማየት ያልጠየቀ ሰው ሁሉ ስሕተት ነው። ሥራህን ስታስረክብ «ላላየሁት አልጠየቅም» ብለህ አትጽናና። «ከእጄ ሲወጣ ደኅና ነበር» ከማለትህም በፊት፥ በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሂደህ እይ።